ከጎጃም ወደ ዋሽንግተን፦ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ሰዓት፣ በየትኛው መንገድ?

ጎጃም ውስጥ ልጁ ዘንድ አሜሪካ ሊሄድ ፓስፖርት ያወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ነው። መልሱ እንደ መላሹ ነው። የቲኬት ወኪሉ 17 ሰዓት ይላል፣ ኢንተርኔቱ 13 ይላል፣ ሄዶ የመጣው ጎረቤት ደግሞ «ሁለት ቀን ፈጀብኝ» ይላል። ማናቸውም አልዋሹም፤ የቆጠሩት ነገር ነው የተለያየው። ወኪሉ የቆጠረው ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ያለውን ነው። ኢንተርኔቱ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰውን በረራ ነው ያሳየው። ጎረቤቱ ከቤቱ ደጅ ወጥቶ የልጁ ደጅ እስኪደርስ ያለውን ነው የቆጠረው፤ ለመንገደኛው የሚጠቅመውም የእሱ አቆጣጠር ነው።

ይህ ጽሑፍ ከባሕር ዳር፣ ከእንጅባራ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከደብረ ማርቆስና ከዙሪያው ተነስቶ ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ለሚወርድ ሰው የተጻፈ ነው። ወደ ሌላ የአሜሪካ ከተማ የሚሄድም ቢሆን አብዛኛው ይመለከተዋል።

በምን እንመዝናቸው?

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት መመዘኛዎቹን እናስቀምጥ፤ አለዚያ ወኪሉ ያስቀደመው ቲኬት ሁሉ ጥሩ ይመስላል።

አንደኛው ከደጅ እስከ ደጅ ያለው ሰዓት ነው። የአየር ላይ ሰዓት ብቻውን ምንም አይነግርም፤ የመሸጋገሪያው ጥበቃ፣ አዲስ አበባ የሚታደርበት ሌሊት፣ ወደ አየር ማረፊያ የሚወስደው የመኪና መንገድ ሁሉ ይደመራል። ሁለተኛው ስንት ጊዜ አውሮፕላን ይቀየራል የሚለው ነው። ነዳጅ ለመቅዳት ሲቆም ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠበቅና ወርዶ ሌላ በር መፈለግ በፍጹም አይገናኙም። ሦስተኛው ቲኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ከባሕር ዳር ጀምሮ እስከ ዋሽንግተን በአንድ ቲኬት የተያዘ ጉዞ መሃል ላይ ቢስተጓጎል ቀጣዩን በረራ የማመቻቸት ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ከተገዛ ግን ያመለጠው በረራ የመንገደኛው ዕዳ ነው። ከዚህ በኋላ ሻንጣ፣ በመሸጋገሪያው ሀገር የሚያስፈልግ ሰነድ፣ በመጨረሻም ጠቅላላ ወጪ ይመጣሉ። ጠቅላላ ወጪ ስል የቲኬቱን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የአዲስ አበባ አልጋ፣ ታክሲ፣ የትርፍ ኪሎ ክፍያ፣ የሸኚው ደርሶ መልስ አብሮ ይቆጠራል።

ርቀት ከመመዘኛዎቹ ውስጥ አልገባም። ለምን እንዳልገባ ላስረዳ።

ርቀቱና ሰዓቱ ለምን አይገጥሙም?

ከቦሌ እስከ ደለስ በአጭሩ መስመር ቢለካ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አየር ማረፊያ ቢለካ ደግሞ 11,240 ያህል። እንግዲህ ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ ይልቅ ለዋሽንግተን በ300 ኪሎ ሜትር ገደማ ትቀርባለች ማለት ነው። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መስመር ከቦሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሳና ከእንጅባራ ብዙም ሳይርቅ አልፎ ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን አቋርጦ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል አትላንቲክ ላይ ይወጣል። የእንጅባራው ሰው በመኪና 450 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ይሳፈራል፤ በካርታው ላይ ግን መስመሩ ተመልሶ በሰፈሩ በኩል ያልፋል።

አውሮፕላን ግን በካርታው መስመር አይሄድም። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሳ የአየር ክልሏ ተዘግቶ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወጡ በረራዎች ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ግድ ሆኖባቸዋል። ሌላው ነፋስ ነው። አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ፤ ወደ አሜሪካ ሲኬድ ፊት ለፊት ይገፋል፣ ሲመለሱ ከኋላ ያግዛል።

ከሁሉ የሚበልጠው የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው ያለው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም ቆላ ላይ የሚሰጡትን ጉልበት አይሰጡም። አውሮፕላኑ ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ሻንጣና እስከ ዋሽንግተን የሚያደርስ ሙሉ ነዳጅ ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ወደ ምዕራብ የሚሄደው በረራ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። የሚያርፍበት ከተማ በየጊዜው ስለተቀያየረ ቲኬት ሲገዙ መጠየቅ ነው። ደለስ ግን ለባሕር ወለል የቀረበ ነው፤ ከዚያ የሚነሳው አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅ ጭኖ፣ ነፋስ ከኋላው ሆኖ፣ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ይገባል። ኢንተርኔቱ 13 ሰዓት ያለው ይህንን ነው።

ከጎጃም እስከ ቦሌ

ብዙ ሰው ሐሳቡን ሁሉ አትላንቲክ ላይ ያደርግና ይህን ክፍል ይንቀዋል። እኔ ግን የጎጃም መንገደኛ ጉዞ የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ቦሌ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በመኪና በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሞጣ በኩል ያጥራል፣ 490 ገደማ ነው። ሁለቱም መንገዶች የሚገናኙት ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ከደጀን ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ ጎሃ ጽዮን እስኪወጣ ያለው ቁልቁለትና ዳገት በደህናው ቀን እንኳ ጊዜ ይበላል። በክረምት ደግሞ መሬቱ ይንሸራተታል፤ አንድ የጭነት መኪና ኩርባው ላይ ከተበላሸ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ከባሕር ዳር በመኪና 10 እና 11 ሰዓት ብለው ያስሉት፤ ያውም መንገዱ ሰላም ሲሆን። ካለፉት ዓመታት ወዲህ መንገድ ድንገት የሚዘጋበት ቀን እንዳለ ጎጃም ውስጥ ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ በመኪና የሚሄድ ሰው በበረራው ዕለት ሳይሆን ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት አዲስ አበባ ይግባ። ዘመድ ቤት ማረፊያ ካለ ሦስት ቀን ቢሆን የተሻለ ነው።

የሀገር ውስጥ በረራውም ቢሆን በጠዋት ጉምና በክረምት ደመና ይዘገያል። ልዩነቱ፣ ከባሕር ዳር እስከ ዋሽንግተን በአንድ ቲኬት ከተያዘ መዘግየቱ የአየር መንገዱ ጭንቀት ነው።

ሻንጣ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ገንዘብ ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኛ በኢኮኖሚ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይፈቀድለታል፤ በድምሩ 46 ኪሎ። የሀገር ውስጥ በረራ የሚፈቅደው ግን በአብዛኛው 20 ኪሎ ነው። ቲኬቱ አንድ ከሆነ የዓለም አቀፉ ልክ ከባሕር ዳር ጀምሮ ይሠራል፣ ሻንጣውም እዚያው ተመዝኖ እስከ ደለስ ይላካል። ቲኬቱ ሁለት ከሆነ ግን ባሕር ዳር ላይ የ26 ኪሎ ትርፍ ይከፈላል፤ ቦሌ ሲደርሱ ደግሞ ሻንጣውን ከቀበቶው አንስቶ ወደ ዓለም አቀፉ ተርሚናል መጎተትና እንደገና ማስመዘን አለ። በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ ለጫነች እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ባሕር ዳር ላይ ሻንጣው ሲመዘን በእጀታው ላይ የሚታሰረውን ወረቀት ልብ ብለው ይዩት። በትልቁ የተጻፉት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ሻንጣው የት እንደሚወርድ ይናገራሉ። «አይ፣ ኤ፣ ዲ» ከሆነ ደለስ ድረስ ይሄዳል። «ኤ፣ ዲ፣ ዲ» ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ይቀራል ማለት ነው፤ ያኔ እዚያው ቆጣሪው ፊት ሳሉ ይጠይቁ። የሻንጣው ደረሰኝ ቦርዲንግ ፓሱ ላይ ይለጠፋል፤ እሱም ላይ ያው ፊደል መኖር አለበት።

እንግዲህ ማን በየት ይሂድ? ከመርዓዊ፣ ከዳንግላ፣ ከእንጅባራ የሚነሳ ሰው ባሕር ዳር ወጥቶ ይብረር። እንጅባራ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚርቀው አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ከደብረ ማርቆስ፣ ከደጀን፣ ከቢቸና የሚነሳ ሰው ግን ወደ ኋላ መመለሱ አያዋጣውም። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300፣ ከባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ለበረራ ተብሎ ያን ያህል መኪና ላይ ከተቀመጡ በኋላ ትርፉ ትንሽ ነው፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ በመኪና ቀጥ ብሎ አዲስ አበባ መግባት ይሻላል። ለጉዞው ቀን ከደብረ ማርቆስ የሚነሳ በረራ የተገኘ እንደሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ስሌት ይቀራል። የሚያከራክረው ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ዳር 175፣ ከአዲስ አበባ 385 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከባድ ሻንጣ ያለውን ወይም አቅመ ደካማ ሰው በባሕር ዳር በኩል ብልክ እመርጣለሁ፤ ወጣት ከሆነና አዲስ አበባ ጉዳይ ካለው በመኪና ይሂድ።

ከቦሌ ወዲያ ያሉት አራት መንገዶች

*ሳይወርዱ የሚኬድበት።* በኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ በአንድ አውሮፕላን ከቦሌ ተነስቶ፣ መንገድ ላይ ነዳጅ ቀድቶ፣ ደለስ የሚያደርሰው ነው። 16 እና 17 ሰዓት ይፈጃል። ትልቁ ጥቅሙ ሰዓቱ አይደለም፤ እንደምናየው ሌሎቹም በአየር ላይ ሰዓት ብዙም አይበልጡትም። ጥቅሙ በር መፈለግ፣ ሰሌዳ ማንበብ፣ ቋንቋ መቸገር አለመኖሩ ነው። አስተናጋጆቹ አማርኛ ይናገራሉ፣ በጾም ወቅትም የጾም ምግብ ማግኘት አይቸግርም። ጉድለቱ አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ነው። እግር የሚያብጥባቸው ሰዎች በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው በመተላለፊያው ቢንቀሳቀሱ፣ ውሃም ደጋግመው ቢጠጡ ይበጃቸዋል። ሌላው ዋጋው ነው፤ በክረምት ልጆች ለዕረፍት በሚመላለሱበት ጊዜና በፈረንጆች ገና ሰሞን ይወደዳል።

*በዱባይ ወይም በዶሃ።* በካርታ ላይ ይህ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ 4 ሰዓት ያህል ይበርራል፣ ከዚያ ተመልሶ 14 ሰዓት ያህል ወደ ዋሽንግተን። በዱባይ በኩል ጠቅላላ ርቀቱ 13,870 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፣ በዶሃ 13,390። ከአጭሩ መስመር ሲነጻጸር በዱባይ 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርፍ ጉዞ አለ። የ14 ሰዓቱ በረራ ያለ ማረፊያ የሚቻለው እነዚያ አየር ማረፊያዎች ባሕር ዳርቻ ላይ ስለሆኑ ነው። ከአየር ማረፊያው እስካልወጡ ድረስ የመሸጋገሪያ ቪዛ አይጠየቅም። እዚህ ላይ የሚታየው የጥበቃው ርዝመት ነው። በጣም ርካሽ ሆኖ የሚመጣው ቲኬት አብዛኛውን ጊዜ 10 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያስጠብቀው ነው። ሆቴል ይጨምራል ወይስ አይጨምርም ብለው ሳይጠይቁ አይክፈሉ። የአካባቢው ፖለቲካም አንዳንዴ ይነካዋል፤ ኳታር በሰኔ 2017 ዓ.ም. የአየር ክልሏን ለሰዓታት ዘግታ ብዙ በረራ ተስተጓጉሏል።

*በኢስታንቡል።* ብዙ ሰው የማያስበው፣ በርቀትም በሰዓትም ግን ሚዛናዊ የሆነ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ኢስታንቡል 3,720 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ፤ ከዚያ ዋሽንግተን 8,390 ያህል፣ 11 ሰዓት ገደማ። ድምሩ ከአጭሩ መስመር የሚበልጠው በ550 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጉዞው ሁለት ቦታ መከፈሉ ለወገብና ለእግር ይበጃል። ከአየር ማረፊያው ካልወጡ ቪዛ አያስፈልግም። አየር ማረፊያው ግን በጣም ሰፊ ነው፤ ከበር ወደ በር የሚኬደው ብዙ ስለሆነ በሁለቱ በረራዎች መካከል ከሁለት ሰዓት ያነሰ ጊዜ ያለው ቲኬት ባይገዙ ይሻላል።

*በፍራንክፈርት።* ከሚወርዱባቸው መንገዶች በርቀት አጭሩ ይህ ነው፤ 5,350 እና 6,550፣ በድምሩ 11,900 ኪሎ ሜትር ያህል። በአየር ላይ 7 ሰዓት ተኩልና 9 ሰዓት ገደማ። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ የሰነድ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን ሀገሮች (ጀርመንን ጨምሮ በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ ሀገሮች) አየር ማረፊያ ለመሸጋገር እንኳ የአየር ማረፊያ ትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። ጊዜው ያላለፈ የአሜሪካ ቪዛ ያለው ግን ከዚህ ነፃ ነው። ያም የሚሠራው በመሸጋገሪያው ክልል ውስጥ እስከቆዩ ድረስ ነው። ለየብቻ ተገዝቶ ሻንጣ ወጥቶ እንደገና የሚመዘንበት ቲኬት ከሆነ ክልሉን መውጣት ግድ ስለሚል ሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ቆይታቸው ረዝሞ ቪዛቸው ካለቀ በኋላ የሚመለሱ ሰዎችም የመልሱን ጉዳይ ቀድመው ኤምባሲ ጠይቀው ይወስኑ።

ከቦሌ ጀምሮ ያለው በአንድ ላይ ሲታይ ይህን ይመስላል። ሰዓቱ ሲሄዱ ያለው ነው፤ በመልስ ጉዞ በነፋሱ እገዛ ያጥራል።

| መንገድ | ርቀት (ኪ.ሜ.) | በአየር ላይ | ከጥበቃ ጋር | አውሮፕላን መቀየር | የመሸጋገሪያ ሰነድ |
|---|---|---|---|---|---|
| በአንድ አውሮፕላን፣ ነዳጅ ቀድቶ | 11,560 እና ከዚያ በላይ | 16–17 ሰዓት ከነማረፊያው | ያው | የለም | አያስፈልግም |
| በዱባይ | 13,870 | 18 ሰዓት ገደማ | 21–30 ሰዓት | 1 ጊዜ | ካልወጡ አያስፈልግም |
| በዶሃ | 13,390 | 18 ሰዓት ገደማ | 20–30 ሰዓት | 1 ጊዜ | ካልወጡ አያስፈልግም |
| በኢስታንቡል | 12,110 | 16 ሰዓት ተኩል | 19–26 ሰዓት | 1 ጊዜ | ካልወጡ አያስፈልግም |
| በፍራንክፈርት | 11,900 | 16 ሰዓት ተኩል | 19–26 ሰዓት | 1 ጊዜ | የአሜሪካ ቪዛ ከሌለ ትራንዚት ቪዛ |

ከባሕር ዳር በአንድ ቲኬት ለሚነሳ ሰው በዚህ ላይ የአንድ ሰዓቱን በረራ፣ ባሕር ዳር ላይ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘትንና ቦሌ ላይ አራት አምስት ሰዓት መጠበቅን ይጨምሩ። በአንድ አውሮፕላን የሚሄደው እንኳ ከደጅ እስከ ደጅ አንድ ሙሉ ቀን ይወጣዋል። ጎረቤት «ሁለት ቀን» ያለው አዲስ አበባ ያደረበትን ሌሊት ደምሮ ነው።

ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓትና ቀን

ይህን ረዘም አድርጌ የምጽፈው በዚህ ምክንያት በረራ የሚያመልጣቸው ሰዎች ስላሉ ነው። ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ያውም ከ0 እስከ 24። 07:10 ማለት ከጧቱ 1 ሰዓት ከ10 ነው፤ 19:10 ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ10። ስድስት መቀነስ ነው፤ መልሱ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ 12 መቀነስ። ከ07:00 በፊት ያለ ሰዓት ከሆነ ግን ስድስት መደመር ነው።

የሚያሳስተው የእኩለ ሌሊቱ በረራ ነው። ቲኬቱ «ሜይ 12፣ 00:15» ቢል፣ ሜይ 12 ግንቦት 4 ነው፣ ሰዓቱም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ15 ነው። በእኛ አነጋገር ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ስለሆነ ብዙ ሰው «ግንቦት 4 ሌሊት» ብሎ ግንቦት 4 ማታ ቦሌ ይመጣል። አውሮፕላኑ ግን የሄደው ግንቦት 3 ቀን መሽቶ ነው፣ ለግንቦት 4 አጥቢያ። መንገደኛው ቦሌ መገኘት የነበረበት ግንቦት 3፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ከ00:00 እስከ 05:59 ያለ ሰዓት ባዩ ቁጥር «ለዚህ ቀን አጥቢያ» ብለው ያንብቡት፤ ለቤተሰብም ሲናገሩ እንዲሁ ብለው ይንገሩ።

የመድረሻው ሰዓት ደግሞ የሚጻፈው በመድረሻው ሀገር ሰዓት ነው። በ22:30 ተነስቶ በማግስቱ 08:30 ይደርሳል የሚል ቲኬት 10 ሰዓት ብቻ የሚፈጅ ይመስላል። ዋሽንግተን በፈረንጆች በጋ ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች እውነተኛው 17 ሰዓት ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ገደማ ልዩነቱ 8 ሰዓት ይሆናል።

ለማን የትኛው?

*ብቻቸውን ለሚሄዱ እናትና አባት፣* በተለይ እንግሊዝኛ ለማይናገሩ፣ ከባሕር ዳር በአንድ ቲኬት፣ ከቦሌ በኋላ ሳይወርዱ። ዋጋው ቢጨምርም ልጆች ተደጋግፈው ይህንን ቢገዙ እላለሁ። ቲኬቱ ሲቆረጥ ዊልቸር ይጠየቅ። ክፍያ የለውም፤ ጥቅሙም መራመድ ለማይችል ብቻ አይደለም። ዊልቸሩን የሚገፋው ሠራተኛ እናትን ከቆጣሪው ወስዶ በኢሚግሬሽን አሳልፎ አውሮፕላኑ በር ድረስ ያደርሳቸዋል፤ ደለስ ላይም ሌላ ሰው ተቀብሎ ሻንጣቸውን አስወጥቶ ከሚጠብቃቸው ልጅ ጋር ያገናኛቸዋል። በረራው ከመድረሱ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ይመዝገብ። የልጅ ስም፣ አድራሻና ስልክ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር ይያያዝ። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይግባ። ጾመኞች ከሆኑና በሌላ አየር መንገድ የሚሄዱ ከሆነ «ቪጋን» የሚባለው ምግብ ቀድሞ ይታዘዝላቸው፤ «ቬጀቴሪያን» ከተባለ ወተትና እንቁላል ሊኖርበት ይችላል።

*ገንዘብ ለሚቆጥብ ተማሪ* የባሕረ ሰላጤው መንገድ (ዱባይ ወይም ዶሃ) ወይም ኢስታንቡል፣ የትኛውም የረከሰው። ወጣት ሰው 8 ሰዓት አየር ማረፊያ ውስጥ ቢጠብቅ አይጎዳም። ግን ዋጋ ሲያወዳድር ሻንጣውን ጨምሮ ያወዳድር፤ አንዱ ሁለት ሻንጣ ፈቅዶ ሌላው አንድ ብቻ ከፈቀደ የዋጋው ልዩነት ሊጠፋ ይችላል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የቲኬቱ የብር ዋጋ ከምንዛሬው ጋር ስለሚንቀሳቀስ፣ ወኪሉ ዛሬ የነገረውን ዋጋ ለሳምንት ይዞ መቆየት አይቻልም።

*ሕፃን ለያዘች እናት* መቼም ቀላል መንገድ የለም። አንድ ጊዜ ወርዶ ልጅን ማንቀሳቀስ፣ ማጠብ፣ ማጥባት የሚቻልበትን ኢስታንቡልን እመርጥላታለሁ፤ ግን ሦስትና አራት ሰዓት ጥበቃ ያለውን፣ አብሯትም ሌላ ሰው ካለ። ብቻዋን ከሆነች ሳትወርድ ትሂድ።

*ለለቅሶ ወይም ለሕመም በድንገት ለሚሄድ* ቲኬቱ ሳይሆን መቀመጫው ነው የሚፈለገው። አራቱንም መንገድ በአንድ ጊዜ ያስፈትሽና ቀድሞ የሚደርሰውን ይያዝ።

ስለ ስንቅ አንድ ነገር ልጨምር። ማርና ቅቤ በእጅ ሻንጣ ከተያዙ ፍተሻው ላይ ይቀራሉ፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽና ፈሳሽ መሰል ነገር አያልፍም። ማሩ በጥብቅ ታሽጎ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ። ቋንጣ ወደ አሜሪካ ማስገባት የተከለከለ ነው። የተቀረውንም ምግብ ሁሉ ሲደርሱ ይዣለሁ ብሎ ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ ያስመዘገበ ሰው ቢበዛ የማያልፈው ይወሰድበታል፣ የደበቀ ግን ይቀጣል።

ከመክፈል በፊት ወኪሉን የሚጠይቁት

ቲኬቱ ከባሕር ዳር ጀምሮ አንድ ነው ወይስ ሁለት? የት ነው የሚያርፈው፣ እዚያስ እንወርዳለን? ስንት ሻንጣ፣ ስንት ኪሎ? ቀን መቀየር ቢያስፈልግ ስንት ይከፈላል? መልሱን በቃል ብቻ አይቀበሉ፣ ቲኬቱ ላይ ያሳይዎ።

ከዚያም የሚወርዱበትን አየር ማረፊያ ስም ያስነብቡት። ዋሽንግተን አካባቢ ሦስት አሉ፦ ደለስ፣ ሬገንና ባልቲሞር። ከውጭ የሚመጣው አብዛኛው በረራ የሚያርፈው ደለስ ነው። ቲኬቱ በኒውዮርክ ወይም በኒውአርክ አድርጎ ሬገን የሚል ከሆነ፣ የኢሚግሬሽኑ ጥያቄ የሚጠየቀው መጀመሪያ ባረፉበት ከተማ ነው፤ ሻንጣውም እዚያው ወጥቶ በጉምሩክ አልፎ እንደገና ይሰጣል። ባሕር ዳር ላይ እስከ መጨረሻው ከተማ የሚል ወረቀት ቢታሰርበትም ይህ አይቀርም። ለዚህ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ቲኬቱ ላይ ያለው ጊዜ ከዚያ ካነሰ ሌላ እንዲፈልግልዎ ይንገሩት።